«እንደተለመደው» አትበሉ፦ የዳንስ ክለብ ሳምንታዊ ኢሜይል ስትጽፉ የሚበላሹ ነገሮች

ሜሪላንድ ውስጥ ላለ አንድ የስኩዌር ዳንስ ክለብ ሳምንታዊውን ኢሜይል መጻፍ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። እሑድ ማታ ልጆቹ ሲተኙ እጽፈዋለሁ። ሰኞ ጠዋት እልከዋለሁ። ማክሰኞ ማታ እንጨፍራለን።

ስኩዌር ዳንስን ለማታውቁት፦ አራት ጥንድ፣ ማለትም ስምንት ሰው፣ አራት ማዕዘን ሠርቶ ይቆማል። ኮለር የሚባለው ሰው ማይክ ይዞ ቀጣዩን እንቅስቃሴ እየጠራ ያጫውታል። ቀጥሎ ምን እንደሚጠራ የሚጨፍረው ሰው አያውቅም፤ ጆሮን ማቆም ነው። ሜሪላንድ በ1994 የግዛቷ ሕዝባዊ ጭፈራ አድርጋ መርጣዋለች። እኔን ጎረቤቴ አንድ ማታ ይዛኝ ሄደች፤ በዚያው ቀረሁ።

አሁን አሁን ለእኛ ሰዎች ማስታወቂያ የሚጽፉ ልጆችም ይጠይቁኛል። አንዷ የእስክስታ ክፍል አላት፣ ሌላው ለልጆች አማርኛ ያስተምራል። የላኩትን ሳየው ስህተቱ ያው የኛ ክለብ ስህተት ነው። ስለዚህ አንዴ ልጻፈው።

«እንደተለመደው»

ይቺን ቃል ከኢሜይላችሁ አውጡልኝ። «በተለመደው ሰዓት፣ በተለመደው ቦታ እንገናኝ።» ለማን ነው የተለመደው? ለምዶት የሚመጣው ሰው ኢሜይል ባይደርሰውም ይመጣል። እግሩ ያውቀዋል። ኢሜይሉ የሚጻፈው ገና ላልለመደው ነው። ሦስት ሳምንት ሲያስብበት ለቆየው፣ ዛሬ ልሂድ ወይስ ልቅር እያለ ሶፋ ላይ ለተቀመጠው። እሱ ደግሞ አድራሻ ፍለጋ የአምናን ኢሜይል አያገላብጥም። ይቀራል፣ በቃ።

ከአራት ዓመት በፊት፣ ክረምት ላይ፣ የምንከራየው አዳራሽ ወለሉ ሊታደስ ሆነና ለሁለት ሳምንት ወደ አንድ ትምህርት ቤት ጂም ተዛወርን። እኔ አገር ቤት ሄጄ ስለነበር ሌላ ሰው ተክቶኝ ጻፈ። «ለሁለት ሳምንት ወደዚያኛው አዳራሽ ተዛውረናል፤ ሌላው እንደተለመደው ነው።» ነባሮቹ ሁሉ ገባቸው። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ግን የዚያን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር የሚመጡት። «ያኛው አዳራሽ» የቱ እንደሆነ ከየት ይወቁት? የድሮው አዳራሽ ደጅ ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ቆሙ። ሴትየዋ ለመተዋወቂያ ብላ ኬክ ጋግራ ይዛ ነበር። በማግስቱ ሁለት መስመር ጻፈችልን። «መጥተን ነበር። በሩ ዝግ ነበር፤ እናመሰግናለን።» ያ «እናመሰግናለን» እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም። ደወልንላቸው፣ ይቅርታም ጠየቅን። አልተመለሱም።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ፣ አንድም ሳምንት ሳልዘል፣ ሁሉንም እጽፋለሁ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሙሉ አድራሻውን፣ የመግቢያውን ዋጋ፣ መኪና የት እንደሚቆም፣ በየትኛው በር እንደሚገባ። «በጀርባ በኩል አምፖል ያለበት በር፣ ደረጃውን ወርዳችሁ በስተግራ።» ነባሮቹ «ይሄን ስንት ጊዜ ትነግሪናለሽ?» ይሉኛል። እናንተ ዝለሉት እላቸዋለሁ።

የጭፈራውን ደረጃ አለመጻፍ

በስኩዌር ዳንስ ይሄ ቀልድ አይደለም። ሜይንስትሪም የሚባለው ደረጃ ወደ ሰባ የሚጠጉ ጥሪዎች አሉት። ቀጥሎ ያለው፣ «ፕላስ» የሚባለው ደረጃ፣ ሠላሳ ገደማ ይጨምርበታል። ሜይንስትሪም ብቻ የሚያውቅ ሰው ሳያውቀው የፕላስ ማታ ቢመጣ፣ አንዱ ጥሪ ላይ ግራ ይጋባና ይቆማል። እሱ ሲቆም ሰባቱም ይቆማሉ። ማንም አይቆጣውም፣ ግን ፊቱ ሲቀላ ታያላችሁ። የእስክስታ ክፍል ያላችሁም «ለጀማሪ ነው» ወይም «ስድስት ወር ለተማረ ነው» ብላችሁ ጻፉ። ሰው በሰው ፊት ማፈርን ከምንም በላይ ይፈራል።

እዚያው ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፦ ጥንድ ሳይኖራችሁ ብቻችሁን መምጣት ትችላላችሁ፤ ልብሳችሁ የዘወትር ይሁን። የስኩዌር ዳንስን ሰፊ ቀሚስ በፎቶ አይቶ «እኔ የለኝም» ብሎ የሚቀር ሰው ብዙ ነው።

ርዕሱን ማባከን

«ሳምንታዊ ማስታወቂያ ቁጥር 14» ማንን ያስከፍታል? ርዕሱ ራሱ ዜናው ይሁን። «ማክሰኞ ማታ፣ ለጀማሪዎች፣ የመጀመሪያው ቀን በነፃ።» ኢሜይሉን ባይከፍተውም እንኳ ገብቶታል።

ሰዓት በአማርኛ

ይሄ የእኛው ብቻ ችግር ነው። «ማክሰኞ በ7 ሰዓት» ብላችሁ በአማርኛ ከጻፋችሁ ግማሹ ሰው ቀን 7 ሰዓት ይለዋል፣ ግማሹ በፈረንጅ ቆጥሮ ማታ ይመጣል። እዚህ ያደጉት ልጆች ደግሞ ሌላ አቆጣጠር መኖሩንም የማያውቁ አሉ። ሁለቱንም ጻፉ፦ «ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በፈረንጅ 7 ፒኤም»። ቀኑንም ከካላንደር ጋር አስተያዩት፤ «ማክሰኞ» ብላችሁ የረቡዕን ቀን ከጻፋችሁ ስልካችሁ ሲጮህ ይውላል።

ፍላየሩን ብቻ መላክ

ያማረ ፎቶ ላይ ሁሉን ነገር ጽፎ፣ ኢሜይሉን ባዶ አድርጎ መላክ። እባካችሁ ተዉት። ምስል የማይከፍት ኢሜይል አለ። ፎቶ ላይ ያለ አድራሻ ሲነኩት ካርታ አያወጣም። የኛ ክለብ አባላት ብዙዎቹ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ናቸው፤ ስልካቸው ላይ ፊደሉን አተልቀው ነው የሚያነቡት፣ ፎቶ ላይ ያለው ፊደል ደግሞ አብሮ አይተልቅም። ፍላየሩን ላኩት፣ ግን ቃሉን በጽሑፍ ድገሙት።

የሰው ኢሜይል መዘርገፍ

አድራሻዎቹን ቢሲሲ (BCC) ላይ፣ ማለትም ተቀባዮቹ አንዱ የሌላውን አድራሻ በማያይበት ቦታ፣ አድርጉ። እኔ አንዴ ረስቼ የመቶ ምናምን ሰው አድራሻ ለመቶ ምናምን ሰው በትኛለሁ። አድራሻዋ እንዳይታወቅ የምትጠነቀቅ ሴት መካከላቸው ነበረች። አንዴ ከተላከ መመለሻ የለውም።

የሰውን ሕመምና ሞት እንደ ዜና መጻፍ

ይሄን በራሴ ጥፋት ነው የተማርኩት። በሁለተኛው ዓመቴ አንድ የምንወዳቸው አዛውንት አረፉ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሰማሁ፣ አምስት ሰዓት ላይ ለሁሉም ላክሁ። ከኮለሩ ስም በታች፣ ከሻይና ብስኩቱ ተራ በላይ፣ ሦስት መስመር። ለሠላሳ ዓመት አብራቸው ስትጨፍር የኖረችው ሴት በምሳ ሰዓት፣ ሥራ ቦታዋ፣ ብቻዋን አነበበችው። እኔ መርዶ እንዴት እንደሚነገር እያየሁ ነው ያደግሁት። ማልዶ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ጎን ሆኖ። እያወቅሁ አደረግሁት።

አሁን ከሟቹ ጋር ቅርብ ለነበሩት መጀመሪያ ይደወላል። ከዚያ ቤተሰቡ ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ ራሱን ችሎ፣ ምንም ሌላ ወሬ ሳይቀላቀልበት ይጻፋል። ሕመምም እንደዚሁ ነው። «እገሊት ዳሌዋን ኦፕራሲዮን ልትሆን ነው፣ አበባ ላኩላት» ከማለታችሁ በፊት እገሊትን ጠይቋት። ለልጆቿ ገና አልነገረች ይሆናል።

ስረዛን መጨረሻ ላይ መቅበር

በረዶ ከጣለ የርዕሱ የመጀመሪያ ቃል «ተሰርዟል» ይሁን። ምክንያቱና ይቅርታው ይከተላል። ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ላኩት፤ አንድ ሰዓት ነድተው የሚመጡ አሉ። ለድሮው ኢሜይል መልስ አድርጋችሁ አትላኩት፣ ከሥሩ ተደብቆ ይቀራል። አዲስ ክፈቱ።

ያም ሆኖ ሳያየው የሚመጣ አይጠፋም። ስለዚህ የተሰረዘ ማታ እኔ እሄዳለሁ፤ ቤቴ ቅርብ ነው። መኪናዬን ያ አምፖል ያለበት በር ፊት አቆምና ሙቀቱን ከፍቼ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት እጠብቃለሁ።