ዛንዚባር ለምትከርሙ ወሎዬዎች፦ ርካሽ ሆቴል በወር ይዞ ስለ መኖር

በታንዛኒያዋ ደሴት በዛንዚባር የሆቴል ክፍል በወር የሚይዝ ሰው አስቀድሞ ሁለት ነገር ይወቅ፦ ዝናቡ መቼ እንደሚመጣና ቱሪስቱ መቼ እንደሚመጣ። «ማሲካ» የሚሉት ትልቁ ዝናብ ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት ነው፤ ከወሎ በልግ ጋር ይገጥማል። ያን ጊዜ ሆቴሉ ባዶ ስለሚሆን ዋጋ ይወርዳል፤ አንዳንዱ ጭራሽ ይዘጋል። ደሴ ላይ ክረምቱ በሚጠነክርበት በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ እዚያ ደረቅና ነፋሻ ነው፤ እንግዳው የሚጎርፈው ያኔ ነው። ሁለተኛው ግርግር ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። በሚያዝያ ይገባል፣ በቃል ይዋዋላል፣ ሰኔ ሊያልቅ ሲል «ወይ ጨምር ወይ ልቀቅ» ይባላል። ባለቤቱ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ዓመቱን የሚያሻግረው የእነዚያ ወራት ገቢ ነው። እናንተ ግን ሻንጣችሁን ይዛችሁ ዋጋ በናረበት ወቅት ክፍል ፍለጋ አትውጡ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ከስንት ቀን እስከ ስንት ቀን እንደሚቆይ ይጻፍ፣ ሐምሌና ነሐሴም በስማቸው ይግቡ። ዋጋው በሽልንግ ነው በዶላር? መብራት፣ ዋይፋይና የአንሶላ ቅያሪ ውስጡ ነው? ቁርስ የማትበሉ ከሆነ ቁርሱን አስወጡና ሂሳቡ ይቀነስ። በነፍስ ወከፍ በየሌሊቱ የሚታሰብ የመንግሥት የመሠረተ ልማት ክፍያም አለ። ለ1 ሌሊት ትንሽ ይመስላል፤ 2 ሰው 30 ሌሊት ሲያድር በ60 ይባዛል። «ውስጡ ነው ወይስ ሌላ?» ሳትሉ እጅ አትምቱ። መጀመሪያ የ7 ሌሊት ብቻ ከፍላችሁ ግቡ፤ ክፍሉን ካወቃችሁት በኋላ ወሩን ተዋዋሉ። ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ በስዋሂሊ «ሪሲቲ» ነው።

ክፍሉን ስታዩ ከዋጋው በፊት አየሩን ተመልከቱ። ባቲና ከሚሴ ያደገ ሰው ሙቀት አይፈራም፤ ግን የባቲ ሙቀት ደረቅ ነው፣ ላብ ወዲያው ይነሳል። ዛንዚባር ላይ ላብም ልብስም ግድግዳም በቀላሉ አይደርቅም። የቆዳ ጫማ ቁም ሳጥን ውስጥ ተረስቶ ከከረመ አረንጓዴ ሻጋታ ያወጣል። ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት ነፋሱ «ካስካዚ» ነው፣ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም «ኩሲ» ነው፣ ከደቡብ ምሥራቅ። ስለዚህ ወደ ምሥራቅ የሚከፈት መስኮት ሁለቱንም ይቀበላል። በምዕራብ ግድግዳ በኩል የተኛ ሰው የከሰዓቱን ፀሐይ ሌሊት ይከፍላታል። ቆርቆሮ ሥር ያለው የላይኛው ፎቅ ይጋገራል፣ ምድር ቤት ይረጥባል፤ መካከለኛው ይሻላል። አየር ገብቶ የሚወጣበት ሁለት ቀዳዳ ከሌለ ክፍሉን ተዉት።

ከዚያ እጃችሁን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ሰዳችሁ ግድግዳውን ዳብሱ። ቀዝቀዝ ብሎ ከረጠበ ወይም ኖራው እንደ ዱቄት እጃችሁ ላይ ከቀረ፣ ያ ክፍል ልብሳችሁን ይበላዋል። የድሮው የድንጋይ ከተማ (ስቶን ታውን) ቤቶች የተሠሩት ከኮራል ድንጋይና ከኖራ ነው፤ ግድግዳቸው ወፍራም በመሆኑ ቀን ላይ ቢቀዘቅዙም እርጥበት ይይዛሉ። የፍራሹን ጥግና ስፌት በስልክ ባትሪ እያበራችሁ እዩ፤ እንደ ቁንዶ በርበሬ ደቃቅ የሆኑ ጥቁር ነጠብጣቦች ካሉ ትኋን አለ። እስክትጨርሱ ሻንጣውን አልጋ ላይ አታስቀምጡ፣ መታጠቢያ ቤት ይቁም።

ውሃውን በሳሙና ፈትኑ። እጃችሁን አርጥባችሁ ስታሹት አረፋ እንቢ ካለ ውሃው ጨው አለበት፤ በተለይ በምሥራቁ ዳርቻ የጉድጓድ ውሃ ወደ ጨዋማነት ያደላል። ፀጉርና ልብስ ይጎዳል፣ ቡናውም አይጥምም። ጣሪያው ላይ ሮቶ መኖሩን፣ ፓምፑም በምን እንደሚሠራ ጠይቁ፦ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ ሮቶው ካለቀ ውሃም የለም። ለመጠጥ የታሸገ ወይም የፈላ ብቻ።

የደሴቱ መብራት ከዋናው ምድር በባሕር ሥር ገመድ ይመጣል። በ2000 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ተበላሽቶ ወር ገደማ፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 3 ወር ያህል ደሴቱ ጨልሞ ነበር። በ2005 ዓ.ም. አዲስ ገመድ ተዘርግቶ ነገሩ ቢሻሻልም ጄኔሬተር መኖሩን መጠየቅ አይቅር፤ ፋን የሌለበት የማሲካ ሌሊት እንቅልፍ አይሰጥም። ቆጣሪው የቅድመ ክፍያ ነው፣ «ቱኩዛ» ይሉታል፤ ኤሲ ካለ ካርዱን ማን እንደሚሞላ ውሉ ላይ ይግባ። የኛ ባለ ሁለት ክብ እግር መሰኪያ እዚያ ባለው፣ በእንግሊዞቹ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ሶኬት ውስጥ አይገባም። የኃይሉ መጠን ስለሚቀራረብ ትራንስፎርመር አያስፈልግም፤ አስማሚ ብቻ ያዙ።

ስንቅ ስትቋጥሩ በፌስታል አትጠቅልሉ። ዛንዚባር ፌስታልን የከለከለችው ገና በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶና ድርቆሽ ክዳኑ በሚገጥም ጣሳ ወይም ፕላስቲክ ዕቃ ይሁን። ዕቃው ባዶ ቦታ ሲኖረው አየሩ እርጥበት ይዞ ይገባል፣ ድርቆሹ ይልማል፣ ሽሮው ነቀዝ ያበቅላል፤ ስለዚህ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍላችሁ እየከፈታችሁ ጨርሱ። ጤፍ ካለቀ ዳራጃኒ ገበያ «ምታማ» በሉ፣ ማሽላ ነው፤ «ኡሌዚ» ዳጉሳ ነው። የማሽላ እንጀራ የቆቦና የቃሉ ልጅ ያደገበት ነውና አይቸግረውም። ሊጡን ግን እንደ ደሴ 3 ቀን አታቆዩት፤ በ30 ዲግሪ ሙቀት በ1 ቀን ይደርሳል፣ ካለፈ ይሆመጥጣል። ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ እዚያ በ100፤ ምስርና ባቄላ ቶሎ ይበስላል ማለት ነው፣ እንዳያርርባችሁ። ምግብ ማብሰል ክፍል ውስጥ ስለማይፈቀድ ከወጥ ቤቱ ሴቶች ጋር ተስማሙ፤ በሳምንት አንድ ከሰዓት ምድጃ መጠቀም ከፈቀዱ ብዙ ነው። ለጾመኛ «ማሃራጌ ያ ናዚ» የሚባለው በኮኮናት የተሠራ ቦሎቄ ቅቤ የለበትም፣ ከሩዝ ጋር ያጠግባል። በረመዳን ግን ቀን ላይ ብዙ ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ፣ በአደባባይ መብላትም ነውር ነው፤ ክርስቲያኑ ምሳውን ከማለዳው ገዝቶ ክፍሉ ያስቀምጥ።

ሁለት ነገር አጥብቀን እንለምናችኋለን። ጫት ይዛችሁ እንዳትሄዱ፤ ለዱዓም ይሁን ለሥራ፣ በታንዛኒያ «ሚሩንጊ» ተብሎ እንደ አደንዛዥ ዕፅ የተከለከለ ነው፣ ያሳስራል። ከሰልም ክፍል ውስጥ አታቀጣጥሉ። መስኮት ዘግቶ በከሰል አቦል፣ ቶና፣ በረካ ማለት ሽታ በሌለው ጋዝ ተኝቶ መቅረት ነው። ቡናው በኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ይፍላ፣ ካልሆነም ደጅ ላይ በትንሽ ሲኒ ቡና የሚሸጡት አሉ።

የደጋ ሰው ለወባ መከላከያ የለውም። በደሴቱ ወባ ብዙ ቢቀንስም አልጠፋም፤ ትኩሳት ከመጣ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርመሩ። አጎበሩን ፍራሹ ሥር ወትፉት፣ ለቀዳዳው መርፌና ክር ያዙ። ቀን የምትነክሰው ትንኝ ዴንጊ የሚባል የትኩሳት በሽታ ታመጣለችና፣ ምርመራው እስኪታወቅ ለትኩሳት ፓራሲታሞል እንጂ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን አትውሰዱ። ላብ ሲያደክማችሁ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ላይ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ጋቢውን ለቤተሰብ ተዉት፤ ነጠላና ሽርጥ ይበቃል፣ እዚያም ወንዱ «ኪኮይ» ያገለድማል።

ወረቀት ላይ፦ ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው ቢጫ ወባ ካርድ ይጠየቃል፤ ክትባቱ ከጉዞው 10 ቀን በፊት ይሁን። ከመስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለውጭ ዜጋ 44 ዶላር የሚከፈልበት የጉዞ መድን ግዴታ ነው፣ የሚሸፍነውም 92 ቀን። የጎብኚ ቪዛ ቢበዛ 90 ቀን ነው፤ በእሱ ሥራ መሥራት አይቻልም። መድኑም ቪዛውም የሚያልቁበትን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ፓስፖርቱ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ፤ እርጥበት ገጹን ያጣብቀዋል።

ሽማግሌ ስታገኙ «ሺካሞ» በሉ፣ «ማራሃባ» ይመልሱላችኋል፤ እንደኛ አንቱታ ነው፣ ዋጋ ያስቀንሳል ባይባልም ፊት ያበራል። ሰዓታቸውም እንደኛው ነው፦ «ሳ ሞጃ አሱቡሂ» ጠዋት 1 ሰዓት ማለት ነው። ኤምባሲ ጉዳይ ኖሯችሁ 2 ሰዓት ገደማ በሚፈጀው ጀልባ ዳሬሰላም ስትሻገሩ ግን ትኬቱ ላይ 07:00 ተብሎ ይጻፋል፤ ሻጩን «ሳ ሞጃ?» ብላችሁ አረጋግጡ፣ ፓስፖርትም ይዛችሁ ውጡ፣ ወደቡ ላይ ይታያል።