በሲ ቋንቋ ትንሽ ሼል መጻፍ፦ ለወላጁ የቱ፣ ለልጁ የቱ?

ኬን ቶምፕሰን በ1971 እ.ኤ.አ. ለዩኒክስ ከጻፈው ሼል (ትዕዛዝ ተቀብሎ ሌሎች ፕሮግራሞችን የሚያስነሳ ፕሮግራም) ጀምሮ መሠረቱ አልተለወጠም፦ መስመር ያነባል፣ በቃላት ይከፍላል፣ ያስፈጽማል፣ እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ ተመልሶ ያነባል። ሊኑክስ ላይ በሲ ከ100 ብዙም በማይበልጥ መስመር ይጻፋል። የሚያስቸግረው የትኛው ሥራ በወላጁ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ባለው ሼል ራሱ)፣ የትኛው በልጁ (ሼሉ በሚፈጥረው ቅጂ) እንደሚሠራ መለየቱ ነው።

ንባቡን መስመር ለሚያነበው ተግባር ለጌትላይን (getline) ስጡት፤ መስመሩ ቢረዝም ቦታውን ራሱ ያሰፋል። -1 ከመለሰ ግቤቱ አልቋል (ኮንትሮልና ዲ ተጭነው ይሆናል)፣ ከዑደቱ ውጡ። ቀጥሎ ጽሑፍ በሚቆርጠው ተግባር በስትርቶክ (strtok) በክፍት ቦታ፣ በታብና በመስመር መጨረሻ ምልክት ቆራርጡት። ከመጨረሻው ቃል በኋላ ናል ፖይንተር (NULL፣ የትም የማያመለክት አድራሻ) አስቀምጡ፤ ዝርዝሩ የት እንደሚያበቃ የሚታወቀው በእሱ ነው። ባዶ መስመር ከሆነ ወደ ንባቡ ተመለሱ። ስትርቶክ ጥቅስ ውስጥ ያለን ክፍት ቦታ አይለይም፤ ለመጀመሪያ ሼል ግን ይበቃል።

አሁን ፎርክ (fork)፦ ሼሉን ገልብጦ ልጁን ይፈጥራል። ለልጁ 0፣ ለወላጁ የልጁን መለያ ቁጥር፣ ካልተሳካ -1 ይመልሳል። ልጁ ኤግዜክቪፒን (execvp) ይጥራ፤ የትዕዛዙን ስም በፓዝ (PATH፣ ፕሮግራሞች የሚፈለጉባቸው ማውጫዎች ዝርዝር) ውስጥ ፈልጎ ልጁን በተፈለገው ፕሮግራም ይተካዋል። ከተሳካ አይመለስም። ስለዚህ ከሥሩ ያለው መስመር ላይ ከተደረሰ ትዕዛዙ አልተነሳም ማለት ነው፦ ስህተቱን በፒኤረር (perror) አሳዩና ልጁን ዝጉት፤ ትዕዛዙ ካልተገኘ የተለመደው መውጫ ቁጥር 127 ነው። ይህን መዝጊያ መርሳት ክፉ ስህተት ነው፤ ልጁ ሁለተኛ ሼል ሆኖ ይቀጥላል። ምልክቱም ግልጽ ነው፦ ስሙ የተሳሳተ ትዕዛዝ ከጻፋችሁ በኋላ ሼሉ አንድ ጊዜ ኤግዚት ሲባል አይዘጋም። ወላጁ ልጁ እስኪያልቅ በዌይትፒአይዲ (waitpid) ይጠብቅ፤ ካልጠበቀ ያለቁት ልጆች ዞምቢ (ሥራቸው አልቆ ከፕሮሰስ ዝርዝሩ ያልወጡ) ሆነው ይከማቻሉ።

ማውጫ የሚቀይረው ትዕዛዝ ሲዲ (cd) ግን ለልጅ አይሰጥም። ልጁ ማውጫ ቢቀይር የራሱን ብቻ ይቀይራል፣ ሲሞትም አብሮት ይጠፋል። ትዕዛዙ ሲዲ መሆኑን ከፎርክ በፊት አጣርታችሁ በወላጁ ውስጥ የሲኤችዲርን (chdir) ተግባር ጥሩ። ኤግዚትም እንዲሁ።

ኮንትሮልና ሲ ሲጫን ሼሉ እንዳይሞት ወላጁ ሲግኢንትን (SIGINT፣ ቁልፎቹ ሲጫኑ የሚላከውን የማቋረጫ ምልክት) ችላ ይበል። ችላ ማለቱ ግን በኤግዜክ በኩል ይወረሳል፤ ልጁ ከኤግዜክ በፊት ወደ ነባሪው ካልመለሰው የተነሳው ፕሮግራም በኮንትሮልና ሲ አይቆምም።

ሁለት ትዕዛዞችን በፓይፕ (የአንዱን ውጤት ለሌላው ግቤት በሚያደርግ መስመር) ስታገናኙ ፓይፑን ከፎርኮቹ በፊት ፍጠሩ፣ በየልጁ በዱፕ2 (dup2) የፓይፑን ጫፍ በመደበኛው ግቤት ወይም ውጤት ቦታ ተኩ፣ ከዚያ ዋናዎቹን የፓይፕ ጫፎች በልጆቹም በወላጁም ዝጉ። አንድ የመጻፊያ ጫፍ እንኳ ክፍት ከቀረ አንባቢው መጨረሻውን አያይም፣ ሼሉም ደርቆ ይቀራል። ሁለቱንም ሳታስነሱ የመጀመሪያውን አትጠብቁ፤ የሊኑክስ ፓይፕ በነባሪነት የሚይዘው 65536 ባይት ስለሆነ፣ ሲሞላ ጸሐፊው የሚያነብለት እስኪመጣ ይቆማል።