ከኋላ የወፍጮ ቤት ድምፅ፦ የራቭፎር የኋላ ጎማ ኩሽኔታ ችግርና መፍትሄ

«ጎማው ነው የሚጮኸው፤ ጎሚስታ ጋ ወስጄ ባላንስ አሠርቼዋለሁ፣ አልተወውም» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ጎማውን አላይም። ቁልፉን ተቀብዬ፣ ባለቤቱን ጎኔ አስቀምጬ ወደ ቀለበት መንገድ እወጣለሁ። ኮብልስቶን ላይ ይህን ችግር መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። እዚያ ሁሉም ነገር ይንኳኳል።

የምጽፈው ስለ ኋላ ጎማ ኩሽኔታ ነው፤ ጎማው ያለ ፍትጊያ እንዲዞር በመሃሉ ስላለው ባለ ኳስ ቀለበት። መኪናው ብዙ የፈታሁት ቶዮታ ራቭፎር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2012 የተመረተው። ቪታራም ሆነ ተክሰን ቢኖራችሁ ምልክቱ ያው ነው። የሚለየው አፈታቱ ነው።

ምልክቱ

ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ስትነዱ ከኋላ ከሩቅ እንዳለ ወፍጮ ቤት «ኡኡኡ» ይላል። ፍጥነት ስትጨምሩ ይጨምራል። ማርሹን ፎሌ (ነፃ) አድርጋችሁ በራሱ ሲንከባለል ድምፁ ካልተለወጠ ሞተሩንና ካምቢዮውን እርሱት። ሞተር አጥፍታችሁ ግን አትሞክሩ፤ ፍሬኑም መሪውም ይጠነክርባችኋል።

ነዳጅ ስትሰጡና ስትለቁ ድምፁ ከተለዋወጠ ዲፈረንሻሉን (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለውን) ጠርጥሩ። ብረት በብረት የሚፋቅ ሹል ድምፅ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከዲስኩ ጀርባ ባለው ላሜራ ውስጥ የገባ ጠጠር ነው። ጎማው እንደ መጋዝ ጥርስ ተበልቶ ከሆነ የኋላውን ከፊት ጋር አቀያይሩት። ድምፁ አብሮት ወደ ፊት ከሄደ ጎማ ነው፤ ኩሽኔታ አትግዙ።

የትኛው ጎን ነው?

እዚህ ላይ ነው ገንዘብ የሚባክነው። መሪውን ወደ ግራ ስታዞሩ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማ ይሄዳል። ያኔ ድምፁ ከባሰ ቀኙ ነው ይባላል። ለፊት ጎማ ጥሩ ፍተሻ ነው። ለኋላ ግን ያሳስታል፤ ድምፁ በመኪናው ሆድ ዞሮ በሌላ ጎን ይወጣል።

አንድ ጋሼ መኪናቸውን ሲያመጡልኝ የግራው ኩሽኔታ በሁለት ጋራዥ ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ነበር። ድምፁ እንዳለ ነው። «ልጄ፣ ይሄ መኪና ሰይጣን ገብቶበታል» አሉኝ። የገባበት ሰይጣን በቀኝ በኩል ነበር።

ያገኘሁት በእጄ ነው። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፉ፤ የኋላውን በክሪክ አንሱና በካቫሌቶ (በብረት መደገፊያ) ላይ አሳርፉት። የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። አሁን በአንድ እጃችሁ የሞላውን ጥምዝ ጨብጡ፣ በሌላው ጎማውን አሽከርክሩ። ደህና ከሆነ ሞላው ዝም ይላል። የተበላ ከሆነ ግን ውስጡ ደረቅ አሸዋ የሚፈጭ ይመስል ጣታችሁን ይነዝረዋል። ሁለቱንም ጎን አወዳድሩ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅም አለ፤ ካልተነቃነቀ ግን ነፃ ነው ማለት አይደለም። የጋሼ ኩሽኔታ ንቅንቅ አላለም ነበር።

ለምን ይበላል?

ጉድጓድ አንዱ ነው። ውሃ ሌላው ነው። በክረምት ጎርፍ ውስጥ ስትገቡ የጋለው ኩሽኔታ ድንገት ይቀዘቅዝና በጎሚኒው (በማሸጊያ ጎማው) በኩል ውሃ ይስባል። ላቫጆ ወስዳችሁ ኃይለኛውን ውሃ ቀጥታ መሃሉ ላይ የምታስረጩም አላችሁ። ተዉ።

ከሁሉ በላይ የማየው ግን ያረጀ ኩሽኔታ አይደለም። ባለፈው ሲገባ የተገደለ ነው።

ኩሽኔታው ለብቻው ተጨምቆ የሚገባባቸው መኪኖች አሉ። ወደ ቤቱ ሲገባ መገፋት ያለበት የውጩ ቀለበት ብቻ ነው። ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት መሃለኛው ብረት) ወደ ኩሽኔታው ሲገባ ደግሞ የውስጡ ቀለበት ከስር መደገፍ አለበት። ይህ ከተዛነፈ ኃይሉ ሁሉ በኳሶቹ በኩል ያልፋል። ኳሶቹ መሮጫቸው ላይ ጥቃቅን ጉድጓድ ይቆፍራሉ። በዓይን አታዩትም። ስታሽከረክሩት ቅቤ ነው።

እኔም ሠርቼዋለሁ። ድሮ ነው፣ ቶርኖ ቤቱ ወረፋ ነበረ፣ ደንበኛው ደግሞ ቸኩሏል። በቱቦና በመዶሻ አስገባሁት። አመስግኖኝ ሄደ። በ3 ወሩ በዚያው ድምፅ ተመለሰ። ሁለተኛውን ኩሽኔታ ከኪሴ ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ፕሬስ (ቀስ ብሎ ተጭኖ የሚያስገባው ማሽን) ከሌለ አልነካም። እናንተም መካኒኩ መዶሻ ሲያነሳ ካያችሁ መኪናችሁን አስመልሱ።

በነገራችን ላይ የብዙዎቹ ኩሽኔታ አንዱ ፊት ማግኔት ነው፤ ኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) የሚያነበው እሱን ነው። ተገልብጦ ከገባ ኩሽኔታው ይሠራል፣ የኤቢኤስ መብራት ግን አይጠፋም። ከማስገባታችሁ በፊት ስፒል አስጠጉ። ስፒሉን የሚስበው ፊት ወደ ሴንሰሩ ይዙር።

መፍታትና መቀየር

ይሄኛው ራቭፎር ደግ ነው። ኩሽኔታው ከሞዞው ጋር አንድ ሆኖ በ4 ብሎን ይታሰራል፤ ፕሬስ አይፈልግም። የሚነዳው በፊት ጎማ ብቻ ከሆነ ከኋላ አክስል (ጎማውን የሚያዞር ዘንግ) ስለሌለው ሥራው ይቀላል። በአራቱም ጎማ የሚነዳ ከሆነ መሃል ላይ ባለ 30 ቁጥር ትልቅ ዳዶ አለ። የዳዶው ከንፈር አክስሉ ላይ ተቀጥቅጦ ስለሚታጠፍ መጀመሪያ በስካርፔሎ (በብረት መሮ) አቅኑት። ሳታቀኑ በጉልበት የፈታችሁ እንደሆነ ጥርሱን ትበሉታላችሁ። የአክስል ዋጋ ደግሞ ከኩሽኔታው ጋር አይወዳደርም።

ካሊፐሩን (ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመውን) በሽቦ ሞላው ላይ ስቀሉት። በፍሬን ዘይት ቱቦው ላይ እንዳይንጠለጠል። ዲስኩ እምቢ ካለ የእጅ ፍሬኑ ሸራ ይዞት ይሆናል፤ በቀዳዳው በኩል በካቻቢቴ አላሉት። ዲስኩ ላይ ሁለት ባለ ጥርስ ቀዳዳዎችም አሉ። 8 ሚሊ ሜትር ብሎን አስገብታችሁ እያፈራረቃችሁ ብታጠብቁ ራሱ ይወጣል። የኤቢኤሱን ሶኬት በቀስታ ንቀሉ፤ ፕላስቲኩ ከዕድሜ ብዛት ይሰባበራል።

አክስሉን በእንጨት መታ መታ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ግፉት፤ ከዚያ ከጀርባ አራቱን ብሎኖች ፍቱ። ከዱባይ የመጣ መኪና ከሆነ ሞዞው በሁለት ምት ይወጣል። ከአውሮፓ የመጣ ከሆነ ግን ሻይ አዝዙ። የበረዶ ጨው አብሮ አስሮታል። ዝገት ማላቀቂያ ነፍታችሁ ጠብቁ። ከዚያ ብሎኖቹን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ አውጥታችሁ ራሳቸውን እያፈራረቃችሁ ምቱ። እዚህ መዶሻ ይፈቀዳል፤ ይህ ኩሽኔታ የሞተ ነው። የተመቱትን ብሎኖች ግን አትመልሱ።

አዲሱ የሚቀመጥበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ አጽዱ። የዝገት ቅንጣት ከስር ከቀረ ሞዞው ይዛነፋል። ዲስኩ ይወላገዳል፤ ፍሬን ስትይዙ ፔዳሉ ይመታችኋል። ያኔ «ዲስክ ቀይር» ይሏችኋል፣ ትቀይራላችሁም።

አራቱን ብሎኖች በመስቀል አጥብቁ። አክስሉ ላይ አዲስ ዳዶ እሰሩ። ዲስኩንና ካሊፐሩን ከመለሳችሁ በኋላ ረዳታችሁ ፍሬን ይያዝ፤ ዳዶውን በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ልክ በሚያሳየው) 216 ኒውተን ሜትር አጥብቁት። በአየር በሚሠራው መፍቻ «ትርርር» አድርጎ መተው ሁለተኛው የኩሽኔታ ገዳይ ነው። ከላላ ቀለበቶቹ ይላቀቃሉ፣ ካለልክ ከጠበቀ ይታነቃል። ዳዶው ልኩን ሳይዝ መኪናውን ጎማው ላይ አታሳርፉት፤ አንድ ሜትርም አትግፉት። በመጨረሻ የዳዶውን ከንፈር መልሳችሁ ቀጥቅጡ። የጎማ ዳዶዎቹ 103 ኒውተን ሜትር ይበቃቸዋል። መፍቻው ላይ ቆማችሁ አትዝለሉ።

ዕቃው

መለዋወጫ ልትገዙ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ ካርቶኑን አትመኑ። አንድ ጊዜ ደንበኛ ይዞልኝ የመጣው ካርቶን ላይ የታወቀ የጃፓን ስም አንድ ፊደል ተሳስቶ ተጽፏል። ሳቅኩ፤ እሱ አልሳቀም። ዋጋው የሌላው ግማሽ ከሆነ ምክንያት አለው። በእጃችሁ አዙሩት፦ ጥሩ አዲስ ሞዞ ግራሶው ስለሚይዘው ከበድ ብሎ እኩል ይዞራል። እንደ አየር ማራገቢያ ከፈተለከ ግራሶ ቆጥበውበታል። ሰልባጅ ሞተር ይገዛል፣ ሰልባጅ በርም ይገዛል። ሰልባጅ ኩሽኔታ ግን የሰው ወፍጮ ቤት መግዛት ነው።

ሥራው ሲያልቅ እዚያው ቀለበት መንገድ ላይ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ንዱት። ስትመለሱ ፍሬን ሳታበዙ ቁሙና ሁለቱንም የኋላ ቸርኬዎች መሃላቸው ላይ ዳስሱ። እኩል ለብ ካሉ ጨርሳችኋል። አዲሱ በኩል የሚያቃጥል ከሆነ በመጀመሪያ ያላላችሁትን የእጅ ፍሬን ሸራ እዩ፤ ሲመለስ ከልኩ በላይ ጠብቆ ይሆናል።