ሽሪምፕ ሰላጣ፦ ምን ተበላሸ? ምን ላድርግ?

አዲስ አበባ ውስጥ ሽሪምፕ የሚገኘው ከሱፐርማርኬት ፍሪዘር፣ በረዶ ሆኖ ነው። ሰላጣው ራሱ 20 ደቂቃ አይፈጅም። የሚያበላሸው ነገር ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ውሃ።

ሳህኑ ሥር ውሃ ተጠራቅሟል

አንዴ እንግዳ ጠርቼ ሰላጣውን ቀድሜ ሠራሁ። ሊበላ ሲል ሥሩ ሮዝ ኩሬ ሆኗል። ሽሪምፑ በረዶው በደንብ ሳይለቅ ነበር የገባው። ቲማቲሙን ከነፍሬው ከትፌዋለሁ፣ ጨውም ቀድሜ ነስንሻለሁ። ጨው ደግሞ ከኪያርና ከቲማቲም ውሃ ይስባል።

ሽሪምፑን ማታውኑ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ከቸኮላችሁ በፌስታል አስራችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ንከሩት። ከዚያ በንጹሕ ፎጣ አድርቁት። የቲማቲሙን ፍሬ አውጡ፤ ጨውና ማባያው (የሎሚና የዘይት ድብልቁ) ሊቀርብ ሲል ይግባ። ውሃው ከወጣ በኋላ ከሆነ የደረሳችሁበት፣ በማጥለያ አጥልሉትና አዲስ ማባያ ጨምሩ። እኔም ያን ቀን ጓዳ ገብቼ ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

ሽሪምፑ እንደ ጎማ ሆኗል

እሳት በዝቶበታል። የፈላ ውሃ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይበቃዋል። ግን ከሰዓት ይልቅ ቅርጹን እመኑ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የውጭ ቪዲዮ የሚላችሁ ደቂቃ እኛ ጋ ላይሠራ ይችላል። ሮዝ ሆኖ እንደ ማጭድ ሲጎብጥ አውጡት። ጭራው ከራሱ ጋር ገጥሞ ቀለበት ከሠራ አልፎበታል። ያወጣችሁትን ወዲያው በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ክተቱት፣ አለዚያ በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። ጎማ የሆነውን መመለስ አይቻልም፤ አድቅቃችሁ ከአቮካዶ ጋር ብትቀላቅሉት ግን ይበላል።

ማባያው ዘይቱ ለብቻ ይንሳፈፋል

የሚያያይዘው ነገር የለም። ሰናፍጭ ያስፈልጋችኋል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ። የኛው ሰናፍጭ አፍንጫ ድረስ ስለሚወጣ ከዚያ አትለፉ። ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ሰናፍጩን፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና ጨው ጨምራችሁ ናጡት። ጨው በዘይት ስለማይሟሟ ነው መጀመሪያ የሚገባው። ቀጥሎ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ እንደገና መናጥ። ከቆመጠጠ ትንሽ ማር ጠብ አድርጉበት። የተሠራው ማባያ ከቅጠሉ እየተንሸራተተ ከወረደ ደግሞ ቅጠሉ ታጥቦ አልደረቀም ማለት ነው።

ሽታው ከበደኝ

ቀለል ያለ የባሕር ሽታ ያለ ነው። እንደ አሞኒያ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ከሆነ ግን ሳታመነቱ ጣሉት፤ ሎሚ አያድነውም። ሎሚ ጥሬ ሽሪምፕን ነጭ ያደርገዋል እንጂ ጀርሙን አይገድለውም።

እንግዳው ሳህኑን አልነካም

ይህ የእጃችሁ ጥፋት አይደለም። እንደ ሽሪምፕ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ እንስሳ የማይበሉ ብዙ ኦርቶዶክሶች አሉ። ቀድሞ መጠየቅ ነው። ለነሱ በዚያው ማባያ የቆሮሶ ዓሣ ፊሌቶ ጠብሳችሁ ፈልፍሉበት፣ ወይም ቱና ክፈቱ። የቱናውን ዘይት አጥልሉት እንጂ አትድፉት። ማባያው ውስጥ ከ3ቱ ማንኪያ ዘይት አንዱን ይተካል።