መልሱ አስቀድሞ ሲታወቅ፦ በኮሌጅ ፊዚክስ ትምህርትና ምርምር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የፔንዱለም (በክር ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ኳስ) ሙከራ ሪፖርት ለማረም የተቀመጠ መምህር ጥቂት ገጾች እንደገለጠ የሚገባው ነገር አለ። አንዱ ቡድን የመሬት ስበት አክስለሬሽን 9.79 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው ይላል፣ ሌላው 9.81፣ ሦስተኛው ድርቅ ብሎ 9.80። ሰዓቱ የተያዘው በእጅ፣ ክሩ የተለካው በተራ ማስመሪያ፣ ውጤቱ ግን ከመማሪያ መጽሐፉ ጀርባ የወጣ ይመስላል። ብዙ ጊዜም የወጣው ከዚያው ነው። ተማሪዎቹ የለኩት የፔንዱለሙን ምልልስ ሳይሆን የመምህሩን ፍላጎት ነው።

ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች ከመማሪያ ክፍል እስከ ምርምር ቡድን ድረስ የተበተኑ ናቸው። አብዛኞቹ ግን ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፦ መልሱ ታውቋል፣ የቀረው እሱ ላይ መድረስ ብቻ ነው ከሚል ልማድ።

ውጤትን በመጽሐፉ ቁጥር መመዘን

አንድ ቡድን 9.61 አገኘ እንበል። የተለመደው የሪፖርት ቅጽ “የስህተት መቶኛ” የሚል ቦታ አለው። ተማሪው 2 በመቶ ብሎ ይሞላል፣ መምህሩ ነጥብ ይቀንሳል፣ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። 9.61 ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። የለካው ሰው ክሩን ከተንጠለጠለበት ጀምሮ እስከ ኳሷ አናት ድረስ ብቻ ለክቶ ቢሆንስ? ርዝመቱ መቆጠር ያለበት እስከ ኳሷ መካከል ነው። የኳሷ ራዲየስ 2 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ በእውነቱ 1 ሜትር የሆነው ፔንዱለም 98 ሴንቲ ሜትር ተብሎ ይመዘገባል። የምልልሱ ጊዜ ግን ያው 2.006 ሰከንድ ነው። ሁለቱን ቀመሩ ውስጥ (4π² በርዝመቱ ተባዝቶ፣ ለምልልሱ ጊዜ ስኩዌር ተካፍሎ) ብታስገቧቸው 9.61 ይወጣል።

እንግዲህ ይህ ቡድን በእጁ ያለው ነገር 9.80 ካመጣው ቡድን ይበልጣል። ክሩን እያሳጠሩ አምስት ስድስት ጊዜ፣ በየጊዜውም ሃምሳ ያህል ምልልስ እየቆጠሩ ይለኩ፤ የምልልሱን ጊዜ ስኩዌር ከርዝመቱ አንጻር ግራፍ ላይ ያስቀምጡ። ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል፤ መስመሩ ግን በዜሮ አያልፍም። ቋሚውን አክሲስ 0.08 ሰከንድ ስኩዌር ገደማ ላይ ይቆርጠዋል። የጠፋችው 2 ሴንቲ ሜትር ያለችው እዚያ ነው። በየልኬቱ የጎደለው እኩል ስለሆነ ስሎፑ (የመስመሩ ዝንባሌ) አይነካም፣ ከስሎፑ የሚሰላውም ወደ 9.81 ይጠጋል። “ቀመሩ በዜሮ ያልፋል ስለሚል” ብሎ መስመሩን በግድ በዜሮ ያሳለፈ ተማሪ ይህን ሁሉ መረጃ በአንድ ማስመሪያ ደመሰሰው ማለት ነው።

ይህ የጀማሪ ችግር ብቻ አይደለም። የፊዚክስ ሊቁ ሮበርት ሚሊካን እ.ኤ.አ. በ1913 ያሳተመው የኤሌክትሮን ቻርጅ በዛሬው መለኪያ 1.592 × 10⁻¹⁹ ኩሎም ነበር፤ አሁን ቁጥሩ 1.602176634 × 10⁻¹⁹ ተብሎ ተወስኗል። ልዩነቱ በዋናነት የመጣው የዘይት ጠብታዎቹ ለሚወድቁበት አየር የተጠቀመበት የቪስኮሲቲ (አየሩ እንቅስቃሴን የሚከለክልበት መጠን) ቁጥር ዝቅ ያለ ስለነበር ነው። ሌላው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን እ.ኤ.አ. በ1974 በካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ምረቃ ላይ ያነሣው ደግሞ ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። እንደ እሱ አባባል ተከታዮቹ ልኬቶች ትክክለኛው ቁጥር ላይ በአንዴ አልደረሱም፤ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ተሳቡ። ከሚሊካን የራቀ ቁጥር ያገኘ ሰው የት ጋ ተሳሳትኩ ብሎ ይቆፍራል፤ የተቀራረበ ያገኘ ግን እፎይ ብሎ ያሳትማል።

መምህራን ማድረግ የሚችሉት ተማሪው ከመጽሐፍም ከኢንተርኔትም የማያገኘውን ነገር ማስለካት ነው። የታሸገ ሣጥን ውስጥ ያለ መጠነ ቁስ፣ ስሙ ያልተነገረ ብረት ዴንሲቲ፣ የአንድ የተወሰነ ስፕሪንግ ኮንስታንት። ነጥቡም ለቁጥሩ ሳይሆን ለስህተት ወሰኑና ለማብራሪያው ይሰጥ።

“ሂዩማን ኤረር” (የሰው ስህተት) ብሎ መገላገል

በሪፖርት መጨረሻ ላይ ከሚጻፉት ሁሉ ባዶው ሐረግ ይህ ነው። የማን? የት ላይ? በስንት? ወደ ላይ ነው ወደ ታች የሚጎትተው? አራቱን ያልመለሰ የስህተት ማብራሪያ ቢቀር ይሻላል።

ስቶፕዎች በእጅ ሲጫኑ 0.2 ሰከንድ ያህል መዛባት የሚጠበቅ ነው። የ1 ሜትር ፔንዱለምን አንድ ምልልስ ብቻ የለካ ሰው ከ2 ሰከንድ ውስጥ 0.2 አጠራጣሪ ሆነበት፤ 10 በመቶ ነው። ጊዜው ቀመሩ ውስጥ ስኩዌር ስለሆነ ውጤቱ ላይ 20 በመቶ ይደርሳል። ሃያ ምልልስ የቆጠረ ሰው ያችኑ 0.2 ለ40 ሰከንድ ያካፍላታል፣ ጥርጣሬውም ውጤቱ ላይ ወደ 1 በመቶ ይወርዳል። እጁ ያው፣ ሰዓቱም ያው፤ የተለወጠው አለካኩ ነው።

ኳሷን 30 ዲግሪ ድረስ ስቦ የለቀቀ ደግሞ ሌላ ዓይነት ስህተት ይገጥመዋል። የምልልሱ ጊዜ ትንሽ አንግልን ታሳቢ ካደረገው ቀመር በ1.7 በመቶ ይረዝማል፣ ውጤቱም ወደ 9.48 ይወርዳል። ይኼኛው ሺህ ጊዜ ቢደጋገም አይጠፋም፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ነው የሚጎትተው። የመጀመሪያው በመደጋገም ይቀንሳል፣ ሁለተኛው በማሰብ ብቻ ይገኛል። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ልዩነታቸውን መቅበር ነው።

የካልኩሌተሩን ዲጂት ሁሉ መገልበጥ

9.8137254 ብሎ የሚጽፍ ተማሪ የለካው በማስመሪያ ነው። ከስህተት ወሰኑ በታች ያሉት ዲጂቶች ልኬት አይደሉም። 9.8 ፕላስ ማይነስ 0.1 ብሎ ማቆም ይበቃል።

ቁጥሮችን ገና በጠዋቱ መተካት

ጥያቄው እንደተነበበ 3 ኪሎ ግራሙንና 5 ኪሎ ግራሙን ቀመሩ ውስጥ መክተት ፈጣን ይመስላል። የሚያሳጣው ግን ብዙ ነው፤ መልሱን ፈትሾ የማየት ዕድል ይዞ ይሄዳል። በፑሊ ላይ በአንድ ክር የተንጠለጠሉ ሁለት ነገሮችን እንውሰድ። በፊደል እስከ መጨረሻው ብንሠራው አክስለሬሽኑ የሁለቱ መጠነ ቁስ ልዩነት ለድምራቸው ተካፍሎ በመሬት ስበት አክስለሬሽን የተባዛ ሆኖ ይወጣል። አሁን እንጠይቀው። ሁለቱ እኩል ቢሆኑ? ዜሮ ይሆናል፤ ልክ ነው፣ አንዱ ሌላውን አይጎትትም። አንደኛው ባይኖር? 9.8፤ ይህም ልክ ነው፣ የቀረው ያለ ከልካይ ይወድቃል። ምልክት አምታቶ ድምሩን ለልዩነቱ ያካፈለ ተማሪ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ቢጠይቅ ኖሮ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ መልሱ ወሰን አልባ እንደሚሆን አይቶ ወዲያው ይመለስ ነበር። “2.45” የሚል ባዶ ቁጥር ግን እንዲህ አይጠየቅም።

ዩኒቱም እንዲሁ እየተጎተተ መሄድ አለበት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 የናሳ ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር ማርስ ደርሶ የጠፋው አንዱ ሶፍትዌር የሮኬቶቹን ግፊት በፓውንድ ፎርስ ሰከንድ ሲያወጣ ሌላው በኒውተን ሰከንድ አድርጎ ስላነበበው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 4.45 እጥፍ ነው።

ማስላትን እንደ መረዳት መቁጠር

ይህ የመምህራን ስህተት ነው፣ ከሁሉም የከፋው ይመስለኛል። ተማሪው ውስብስብ የሰርኪት ጥያቄ ሠርቶ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ጫፍ ላይ ሲደርስ አክስለሬሽኑ ስንት ነው ሲባል ግን “ዜሮ” ይላል። ፍጥነቱ ዜሮ ነውና። አክስለሬሽኑ ለአንድ አፍታ እንኳ ዜሮ ቢሆን ፍጥነቱ ከዜሮ ወደ ታች የሚለወጥበት ምክንያት እንደማይኖር አላሰበበትም። ከባድ መኪና ትንሿን ሲገጭ የትኛው በሌላው ላይ የበለጠ ፎርስ ያሳርፋል ቢባልም የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ በቃሉ የወጣው ተማሪ “ከባዱ” ይላል።

ዴቪድ ሄስተንስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት የፎርስ ኮንሴፕት ኢንቬንተሪ የተባለ ፈተና ወደ 30 የሚጠጉ እንዲህ ዓይነት ጥያቄዎችን የያዘ ነው፤ ስሌት የሚፈልግ የለበትም። የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ተማሪዎቹ በደንብ እንደገባቸው ተማምኖ ነበር፤ ይህን ዓይነት ፈተና ሲሰጣቸው ግን ስሌቱን የሚሠሩት ልጆች መሠረታዊው ላይ ሲደናቀፉ አየ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሪቻርድ ሄክ ከ6,000 በላይ ተማሪዎች ያሉባቸውን 62 ኮርሶች አነጻጸረ። መለኪያው ተማሪው በኮርሱ መጀመሪያ ካላወቀው ውስጥ ምን ያህሉን አወቀ የሚል ነበር። መምህሩ ብቻ በሚናገርባቸው ክፍሎች አማካዩ 0.23፣ ተማሪው እየተሳተፈ በሚማርባቸው 0.48 ወጣ። በ40 በመቶ የጀመረ ክፍል በመጀመሪያው መንገድ 54 አካባቢ ሲደርስ በሁለተኛው 69 ይጠጋል ማለት ነው።

ማዙር የወሰደው መንገድ ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። ከጥቂት ደቂቃ ገለጻ በኋላ አንድ ምርጫ ጥያቄ ይቀርባል፤ እያንዳንዱ ለብቻው ያስብና መልሱን በእጅ ወይም በካርድ ያሳያል። ሁሉም ከመለሱት ወደፊት መቀጠል ነው። ማንም ካልመለሰው ገለጻው አልሠራም። ከሲሶ እስከ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ካገኙት ግን መምህሩ ዝም ይላል፣ ተማሪዎቹ ከአጠገባቸው ካለው ጋር ይከራከራሉ፣ ከዚያ እንደገና ይመርጣሉ። እዚህ ጋ መምህራን በብዛት የሚበላሹት ክርክሩ ሳያልቅ መልሱን እየነገሩ ነው። ዝምታው ከባድ መሆኑ አይካድም፤ ምዕራፍም ያስቀራል። ምዕራፍ ይቅር።

ሠርቶ ማሳያን (ዴሞ) እንደ ትርኢት ማቅረብ

ዴሞ ያየ ተማሪ የሚያስታውሰው ያየውን ሳይሆን ይሆናል ብሎ የጠበቀውን ሊሆን ይችላል። ከማሳየት በፊት “ምን ይሆናል?” ተብሎ ተጠይቆ በጽሑፍ ግምቱን ያስቀመጠ ተማሪ ግን ግምቱ ሲፈርስ ይነቃል። ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው የሚጨምረው።

ስክሪኑ ያወጣውን ግራፍ ማመን

አሁን የብዙ ተማሪ የመጀመሪያ ምርምር ሲሙሌሽን (በኮምፒውተር አስመስሎ ማስላት) ነው። ስፕሪንግ ላይ የታሰረን ነገር በኦይለር ዘዴ፣ ማለትም ጊዜውን በትንንሽ እርምጃ ከፋፍሎ፣ የሚያሰላ ፕሮግራም ይጻፋል፤ ግራፉ የሚወዛወዝ ኩርባ ያሳያል፣ ያምራል። ኢነርጂውን ለብቻው ብታስወጡት ግን እያንዳንዱ እርምጃ ላይ ያድጋል። የጊዜ እርምጃው ከአንግላዊ ፍሪኩዌንሲው ጋር ተባዝቶ 0.1 ቢሆን ዕድገቱ በየእርምጃው 1 በመቶ ነው፤ ከመቶ እርምጃ በኋላ ኢነርጂው 2.7 እጥፍ ሆኗል። ሰበቃ የለም፣ የሚገፋም የለም፣ ኢነርጂው ግን ከየትም መጣ። መፍትሔው አንድ መስመር ኮድ ማስተካከል ነው፦ ፍጥነቱን መጀመሪያ ማደስ፣ ቦታውን ደግሞ በታደሰው ፍጥነት ማስላት። ያን ጊዜ ኢነርጂው ትንሽ ከፍ ዝቅ እያለ በቦታው ይረጋል።

ማንኛውም ሲሙሌሽን ሦስት ነገር ሳይደረግበት ሪፖርት ውስጥ አይግባ። መልሱ በወረቀት በሚታወቅ ቀላል ጉዳይ ይሞከር፤ መጠበቅ ያለበት ነገር መጠበቁ ይታይ፤ የጊዜ እርምጃው በግማሽ ሲቀነስ ውጤቱ ይለወጥ እንደሆነ ይረጋገጥ።

ያልጠበቅነውን ብቻ መመርመር

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 ኦፔራ የተባለው የተመራማሪዎች ቡድን ከአውሮፓው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ከሰርን ተነሥተው 730 ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለው የጣሊያኑ ግራን ሳሶ ቤተ ሙከራ የተላኩ ኒውትሪኖ የተባሉ እጅግ ቀላል ቅንጣቶች ከብርሃን 60 ናኖሰከንድ ያህል ቀድመው ደረሱ ብሎ ውጤቱን ይፋ አደረገ፣ ሌሎችም እንዲመረምሩት ጠየቀ። ወራት ከፈጀ ፍተሻ በኋላ ዋናው ምክንያት በደንብ ያልተሰካ የፋይበር ኦፕቲክ ኬብል ሆኖ ተገኘ። ብዙዎች ይህን እንደ ቅሌት ያነሡታል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው፦ የላላው ኬብል ቁጥሩን ወደሚጠበቀው ቦታ ገፍቶት ቢሆን ኖሮ ማን ይፈልገው ነበር?

የቢሴፕ2 ጉዳይ ወደዚያ ይጠጋል። በደቡብ ዋልታ የነበረው ይህ ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 ሲፈለግ የኖረውን የጥንታዊ ግራቪቴሽናል ሞገድ (ከዩኒቨርስ መጀመሪያ የመጣ የስበት ሞገድ) አሻራ አየ ተባለ። በ2015 መጀመሪያ ከፕላንክ ሳተላይት ጋር የተደረገው የጋራ ትንተና ምልክቱ በራሳችን ጋላክሲ አቧራ ሊብራራ እንደሚችል አሳየ።

መከላከያው ትንተናው እስኪያልቅ መልሱን ከራስ መሸሸግ ነው። ግራቪቴሽናል ሞገድ የሚፈልጉት የላይጎና የቪርጎ ቡድኖች እ.ኤ.አ. በ2010 የውሸት ምልክት በምስጢር መረጃው ውስጥ ተጨምሮባቸው፣ እውነት ሊሆን ይችላል ብለው ጽሑፍ እስከማዘጋጀት ደርሰው ነበር፤ የሆነው የተነገራቸው በመጋቢት 2011 ነው። እውነተኛው ሞገድ በመስከረም 14፣ 2015 ሲመጣ እንዲህ የተፈተነ ቡድን ነው የጠበቀው። በትንሽ ቤተ ሙከራም ይቻላል፦ አንድ ሰው መረጃው ላይ ለጊዜው የማይነገር ቁጥር ይደምርበት፣ ሌሎቹ የትኛው ነጥብ እንደሚጣልና መስመሩ እንዴት እንደሚሠመር ወስነው ይጻፉ፣ ከዚያ ቁጥሩ ይቀነስ። ከዚያ በኋላ ነጥብ መጣል የለም።

ደብተርን ማሳመር

ልኬትን በብጫቂ ወረቀት ይዞ በኋላ ወደ ደብተር መገልበጥ የተለመደ ነው፤ ሲገለበጥ ግን የማይመቸው ቁጥር ይቀራል። በቀጥታ በደብተሩ፣ በእስክሪብቶ፣ ከነቀኑና ከመሣሪያው ቁጥር ጋር ይጻፍ። የተሳሳተው በአንድ መስመር ይሰረዝ፣ ከሥሩ እንዲነበብ፤ አጠገቡ ለምን እንደተሰረዘ ይጻፍ። ለ9.61ዱ ቡድን ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው “ርዝመት፦ እስከ ኳሷ አናት” የምትል አጭር ማስታወሻ ነበረች።