ቅንጨ አረምን ነቀልን ብለን የምንዘራባቸው ስህተቶች

ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ ቤት የሠራን ሰዎች በአንድ ነገር እንመሳሰላለን። የአሸዋው ክምር ከተነሣ በኋላ በቦታው ያልዘራነው ነገር ይበቅላል። ቅጠሉ የተሰነጣጠቀ ነው፤ ሲያብብ ደግሞ ቅንጨ የተበተነበት ይመስላል። ስሙም ከዚያው ነው፦ ቅንጨ አረም፣ ባለሙያዎች ፓርቲኒየም የሚሉት። የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና አካባቢዋ ነው፤ ወደ ግቢያችን የሚገባው ግን በአሸዋ፣ በገለባና በመኪና ጎማ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት አበባውን ጠብቆ መንቀል ነው። እኛም ሠርተነዋል። የሰፈሩ ሰው መስከረም ላይ ለዘመቻ ወጣ፣ ያበበውን ሁሉ ነቀለ፣ አጥር ሥር ከመረ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ተበተነ። በቀጣዩ ክረምት ክምሩ የነበረበት ቦታ ጤፍ የተዘራበት መሰለ። ይህ አረም ከበቀለ ከአንድ ወር ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ያብባል፤ አንዱ ተክል ከ15,000 በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል፤ ተነቅሎም ቢሆን አበባው ዘሩን ሊያበስል ይችላል። መንቀያው ጊዜ ቅጠሉ ገና መሬት ላይ እንደ ሰፌድ ተነጥፎ ሳለ ነው። ዝናብ በጣለ ማግስት ከነሥሩ ይወጣል፤ አንገቱ ላይ ከተቆረጠ ግን መልሶ ያቆጠቁጣል። ካበበ ደግሞ እዚያው ባለበት ማዳበሪያ ውስጥ ይከተት። ከረጢቱን ማለቴ ነው፤ ጓሮ ማዳበሪያ ጉድጓድ ውስጥ የጨመረው ሰው ዘሩን ራሱ አትክልቱ ላይ ይበትነዋል።

በባዶ እጅ መንቀልም አለ። ቆዳን ያሳክካል፣ ያቆስላል፤ ብናኙ አስም ያለበትን ሰው ያስጨንቃል። ጓንት፣ እጅጌው ረጅም ልብስ፣ የአፍንጫ መሸፈኛ። አስም ያለበት ጭራሽ አይምጣ።

ሦስተኛው ሳያውቁ መፍረድ ነው። ለጋ ሳለ ከአሪቲ ጋር ይምታታል። አሪቲን በእጅ ሲያሹት ሽታው ያውዳል፤ ይኼኛው እንደዚያ አይሸትም። ከተጠራጠሩ አንዱን ከነሥሩ፣ ከተገኘም ከነአበባው፣ ጋዜጣ መሐል አድርገው ለወረዳው የግብርና ባለሙያ ያሳዩ። አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየምም ሥራው ዕፅዋትን መለየት ነው። ከሩቅ የተነሣ የስልክ ፎቶ ብዙም አይረዳቸውም።

በነገራችን ላይ መጤ ሁሉ ወራሪ አይደለም። ባህር ዛፍ በምኒልክ ዘመን የመጣ ነው፤ ከባህር ማዶ መምጣቱን ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ስለ እሱ ያለን ክርክር ሌላ ነው። በሌላ በኩል በአበባው አምሮ ለአጥር የምንተክለው የወፍ ቆሎ፣ ላንታና የሚባለው፣ ወራሪ ነው። ፍሬውን ወፎች በልተው ዘሩን በየሜዳው ይጥሉታል። ቢቀርብን ይሻላል።

ለከብት ማብላትስ? ወተቱ ይመርራል። ከብቱንም ሊጎዳ ይችላል።

ከገበያ ያገኙትን ፀረ አረም ገዝቶ መርጨትም ሆነ አረሙን የሚበሉ ነፍሳት ከሌላ ቦታ በጠርሙስ ይዞ መምጣት የግለሰብ ሥራ አይደለም። ተመራማሪዎች የቅንጨ አረምን ቅጠል የምትበላ ጥንዚዛ ከውጭ አስመጥተው፣ ሌላ ተክል እንደማትነካ አምቦ ላይ ፈትሸው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ወለንጪቲ አካባቢ ለቀዋል። እንዲህ ያለው ነገር ዓመታት የሚወስደው በምክንያት ነው።

አቃቂ በኩል ላሉት ደግሞ የእምቦጭ ነገር አለ። አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ሐምራዊ አበባውን ያየ ሰው ለቤቱ ገንዳ ይዞ መሄድ ይቃጣዋል። ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው በአበባው ውበት ነው። ለዘመቻ የወጣም ቢሆን ያወጣውን ውኃው ዳር ትቶት አይሂድ፤ ጎርፍ ሲመጣ ተመልሶ ይገባል። ዘሩ ደለል ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል።

የመጨረሻው ስህተት አንዴ ነቅሎ መርሳት ነው። የቅንጨ አረምም ዘር አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል። እኔ የአሸዋው ክምር የነበረበትን ቦታ በአራት ድንጋይ ከብቤዋለሁ፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጠዋት ቡናዬን ይዤ ወጥቼ አየዋለሁ።