ነጭናጫ ነኝ ወይስ እንቅልፍ አልጠገብኩም? ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ

ጭንቀታም ሰው እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰውም ይጨነቃል፣ ይነጫነጫል። የቱ እንደሚቀድም ለመለየት ሁለት ሳምንት መዝግቡ። ጠዋት የተኛችሁበትንና የነቃችሁበትን ሰዓት፣ እንቅልፍ እስኪወስዳችሁ የፈጀውን ጊዜ በግምት፣ የመጨረሻውን ቡና የጠጣችሁበትን ሰዓት ጻፉ። ማታ ለቀኑ ስሜታችሁ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ስጡ። ሌሊት ስልክ እያያችሁ ደቂቃ አትቁጠሩ፤ እሱ ራሱ ያነቃል።

ከ18 እስከ 25 ዓመት ላለ ወጣት የሚመከረው ከ7 እስከ 9 ሰዓት እንቅልፍ ነው። 5 ሰዓት ብቻ በተኛችሁ ማግስት ነጥቡ ወርዶ፣ ጠግባችሁ ስትተኙ ከተመለሰ፣ ጠባይ ያላችሁት ነገር ድካም ነው። ጠግባችሁ ተኝታችሁም ካልተለወጠ የተፈጥሮ ጠባያችሁ ድርሻ ሊኖረው ይችላል።

ጭንቀታም ከሆናችሁ፣ አልጋ ላይ የሚያስቸግራችሁ ብዙ ጊዜ ያላለቀ ሥራ ነው። ከመተኛታችሁ በፊት 5 ደቂቃ ወስዳችሁ የሚቀራችሁን ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ የ57 ወጣቶች ጥናት፣ የሚቀራቸውን ሥራ የጻፉት የጨረሱትን ከጻፉት ቀድመው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። «ላጥና» አይበቃም፤ «ካልኩለስ ምዕራፍ 3፣ ከጥያቄ 1 እስከ 10» በሉ። 20 ደቂቃ ያህል ተገላብጣችሁ እንቅልፍ ካልመጣ ተነሱ፤ በደብዛዛ ብርሃን ቀለል ያለ ነገር አንብቡና ሲያንገላጅጃችሁ ተመለሱ። ዶርም ውስጥ ይህ የሚበላሸው አልጋው ጠረጴዛም ምግብ ቤትም ስለሚሆን ነው። ጥናቱን ላይብረሪ ጨርሱ። መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ደግሞ ሴሚስተሩ ሲጀመር ተስማሙ፤ ፈተና ከደረሰ ማንም አይሰማችሁም። ተደራራቢ አልጋ ላይ ከላይ የምትተኙ ዓይናችሁን በሻሽ ሸፍኑ።

ሌሊት 8 ሰዓት መተኛት የለመደ፣ ዛሬውኑ ምሽት 4 ሰዓት ልተኛ ቢል ዓይኑ እንደፈጠጠ ይቆያል። መነሻችሁን በየሦስት ቀኑ 15 ደቂቃ አስቀድሙ፤ መኝታው ይከተላል። እንደተነሳችሁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ደጅ ብርሃን ላይ ቆዩ። ቅዳሜና እሑድ ከመነሻችሁ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይታችሁ ከተነሳችሁ የሳምንቱ ልፋት ሰኞ ላይ ይፈርሳል። ቸልተኛ የሆነ ሰው ሌላ ዘዴ አያስፈልገውም፤ ለመነሻ ብቻ ሳይሆን ለመኝታም አላርም ይሙላ፣ ስልኩን ከአልጋው አርቆ ቻርጅ ያድርግ።

ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከቀኑ 10 ሰዓት የጠጣችሁት ቡና ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ አለ ማለት ነው፤ የመጨረሻው ስኒ ከ8 ሰዓት አይለፍ። ጫት ይብሳል፦ ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ያነቃል፣ ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ መነጫነጭና ድብርት ይመጣል። በጨብሲ ማብረድም መፍትሔ አይደለም፤ መጠጥ ቶሎ ያስተኛል እንጂ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይቆራርጠዋል። የቃማችሁበትን ቀን መዝገባችሁ ላይ ምልክት አድርጉበት፣ አለበለዚያ የምትለኩት ጠባያችሁን ሳይሆን ቅጠሉን ነው። ቀን ላይ ከደከማችሁ 20 ደቂቃ፣ ከ9 ሰዓት በፊት ሸለብ አድርጉ።

እንቅልፍ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ሌሊት፣ ለሦስት ወር ከተቃወሰ የግቢው ክሊኒክ ሂዱ። አንድ ጓደኛችሁ ደግሞ ለአራት ቀንና ከዚያ በላይ ሦስት ሰዓት ብቻ እየተኛ ድካም ካልተሰማው፣ ንግግሩ ከፈጠነና ገንዘብ መበተን ከጀመረ፣ ይህ ትጋት ወይም ጠባይ ላይሆን ይችላል፤ ሳትዘገዩ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።